ተጣባቂውን ያሳደደችው ስንዱ

እትዬ ስንዱ ማረፏን የነገረችኝ ዘይነባ ናት። ስትደውል ላቦራቶሪ ውስጥ ጓንት አጥልቄ ቆሜ ስለነበር ስልኩን በክርኔ ነካ አድርጌ ድምፁን ከፈትኩት። «ትዕግስት» አለችና ዝም አለች። ዘይነባ ስልክ ላይ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ከሱቋ መስኮት ዳቦ እያቀበለች፣ ደንበኛዋን በዙሉ ሰላም እያለች፣ ባሏን በስልጥኛ እየተቆጣች፣ ለእኔ ደግሞ በአማርኛ ወሬ የምትነግረኝ ሰው ናት። ዝም ስትል ገባኝ።

«አብረሻት ነበርሽ?» አልኳት።

«አጠገቧ ነበርኩ። ውሃ አምጪልኝ አለችኝ፣ አጠጣኋት። ‹ልጅቷ ቁርሷን በላች?› አለችኝ። በላች አልኳት። ከዚያ ተኛች። ተኝታ ቀረች፣ ትዕግስት።»

ዘይነባ የስንዱ ዘመድ አይደለችም። ስንዱ ደብረ ማርቆስ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረች፣ ከዚያ ለትምህርት ጆሃንስበርግ መጥታ እዚያው የቀረች ባዮኬሚስት ናት። ዘይነባ ከስልጤ ባሏን ተከትላ የመጣች፣ ከከተማው ራቅ ባለው ኦሬንጅ ፋርም ሠፈር፣ እዚህ ስፓዛ የሚሉትን ዓይነት ትንሽ የሠፈር ሱቅ የያዘች ነጋዴ ናት። አንዷ ቅዳሴ ትሄዳለች፣ አንዷ ትሰግዳለች። በተራ ነገር ቢሆን ኖሮ ጎን ለጎን ሳይተያዩ ኖረው ያልፉ ነበር።

እኔ ከስንዱ ጋር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እሷ መሪ ተመራማሪ፣ እኔ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን። ገና ስንተዋወቅ «እርስዎ» ስላት እጇን አርገበገበችብኝ። «ተይው እባክሽ፤ ሥራ ላይ አረፍተ ነገሩን ያረዝምብናል» አለችኝ። ስለዚህ «እትዬ ስንዱ፣ አንቺ» እያልኳት ኖርኩ።

ስለ እሷ የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውን አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላቃናው። በሕፃናት የሚጥል በሽታ ላይ የምትሠራው በሽታው ያለበት ወንድም ስለነበራት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ልጅ ወልዳ ሞቶባት ነው ይላሉ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ አንድ ቀን ምሳ ላይ ጠየቅኳት። የመነጽሯን አንዱን እጀታ ጥርሷ መሃል ሸጉጣ ትክ ብላ አየችኝ።

«ሰው የሚሠራው የግድ የሞተበት ሲኖር ነው እንዴ?» አለች። «ማንም አልሞተብኝም። አንድ ወንድም አለኝ፣ በሬ የሚያህል ጤነኛ ነው፤ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ መቼ ትመጫለሽ እያለ ይጨቀጭቀኛል። እኔ የምሠራው ያልገባኝ ነገር ስላለ ነው። ያልገባኝ ነገር ካለ ምግብ አይወርድልኝም።»

ይህን እያለች ሳህኗን ጥርግ አድርጋ ጨረሰች።

ያልገባት ነገር ምን እንደሆነ ያስረዳችኝ በሥራ በገባሁበት ሰሞን ነው። ነጭ ሰሌዳ ላይ አንድ ደረጃ ሣለች። «ፕሮቲን በልተሽ ሰውነትሽ ሲሰባብረው ላይሲን የሚባል ስባሪ ይወጣል። እሱም ደረጃ በደረጃ እየወረደ ይፈጫል። አንዳንድ ልጅ ግን ሲወለድ ጀምሮ ከደረጃዎቹ በአንዱ ላይ የሚሠራው ኢንዛይም የለውም። ስለዚህ መሃል ላይ አንድ ነገር ይጠራቀማል።» ደረጃው ላይ ክብ ሠርታ በቀይ ሞላችው። «ይሄ ነገር ብቻውን መቀመጥ አይችልም። ያገኘው ላይ ይለጠፋል። አንጎል ውስጥ ዋናው የሚለጠፍበት ደግሞ ቫይታሚን ቢ ስድስት ነው። የተለጠፈበት ቫይታሚን ሥራ አይሠራም። ቫይታሚኑ ሥራ ሲያቆም ሕፃኑን ይጥለዋል፤ የተለመደው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ቢሰጠውም አይቆምለትም።»

«ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«ቫይታሚኑ ራሱ! በብዛት። ርካሽ ነው፣ የትም አለ። ከባዱ ልጁ ያ በሽታ እንዳለበት ማወቁ ነው።»

የነገሩ ሳይንሳዊ ስም ረጅም ስለሆነ እኔና እሷ «ተጣባቂው» እንለው ነበር። በሽታው ብርቅ ነው። ተጣባቂው ደግሞ በሽንት ቢወጣም ሙቀት አይችልም። ወዲያው ካልበረደ ይፈርሳል፤ ላቦራቶሪ ሲደርስ የለም።

ዘይነባ የመጣችው አንድ ክረምት ጠዋት ነው። የበራችን ጥበቃ ባባ ሲፖ ወደ ውስጥ ደወለ። «ማማ ስንዱ፣ የአገርሽ ሰው በር ላይ ቆማለች። ሂጂ ብላት እንቢ አለችኝ።»

እኛ ዘንድ በሽተኛ አይመጣም። የሚመጣው ብልቃጡ ብቻ ነው። ስንወጣ አንዲት ቀጭን ሴት ልጇን እንደ እዚህ አገር እናቶች በብርድ ልብስ ጀርባዋ ላይ አስራ ቆማለች። ልጅቷ ለመታዘል ትልቅ ናት፤ እግሮቿ ከብርድ ልብሱ ወጥተው ተንጠልጥለዋል።

«የልጄን ውጤት ስጡኝ» አለች ዘይነባ፣ ሰላምታም ሳታስቀድም።

«እህቴ፣ ውጤት ለሐኪምሽ ነው የሚላከው» አልኳት እኔ።

«ሐኪሙማ የለባትም አለኝ። ሁለቴ ልከን ሁለቴ የለባትም አሉ አለኝ። ከሌለባት ምንድን ነው የሚጥላት? ንገሩኛ! የት ልሂድ?»

ስንዱ የባባ ሲፖን ወንበር ስባ አስቀመጠቻት። ልጅቷን ራሷ ከጀርባዋ ፈትታ ታቀፈቻት። አራት ዓመት የሞላት ሪሃና ናት። አትናገርም፣ ደግፈው ካልያዟት አትቆምም። ስንዱ ጥያቄ ጀመረች፤ እኔም ዘይነባ የሆነባትን ሁሉ ያን ጊዜ ሰማሁ።

ሪሃና በተወለደች በቀናት ውስጥ ጣላት። ሆስፒታል ሦስት ዓይነት መድኃኒት አንድ ላይ ሲጀምሩላት ቆመላት፤ ከሦስቱ የትኛው እንዳቆመው ግን የለየ የለም። እየዘገየችም ቢሆን ስታድግ ቆየች። ከዚያ በሠፈሩ ሁከት ተነሳና የውጭ ሰው ሱቆች ተዘረፉ። ዘይነባና ባሏ ልጃቸውን ይዘው በለበሱት ልብስ ጀርሚስተን ዘመድ ቤት ሸሹ። መድኃኒቱ ሁሉ ሱቁ ጓዳ ቀረ።

«አዲሱ ክሊኒክ ስሄድ የሁለቱን ስም ነገርኳቸው፣ ሰጡኝ» አለች። «ሦስተኛው ቫይታሚን ነበር። ቫይታሚን እኮ... ለጉልበት የሚሰጥ መስሎኝ። ሲረጋጋ እንገዛለን አልን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በቀናት ውስጥ ተመለሰባት። ሱቁን መልሰን ከፍተን ወደ ቤታችን ገባን፤ እሷ ግን ወደ ነበረችበት አልተመለሰችም።»

ስንዱ የልጅቷን እግር በብርድ ልብሱ እየሸፈነች «ማንም ያልነገረሽን ነገር ከየት ታውቂያለሽ?» አለቻት። ከዚያ እዚያው በር ላይ ቆማ ለሐኪሙ ደወለች። ሐኪሙ ቅን ሰው ነበር። ቫይታሚኑን መልሶ ለመሞከር ተስማማ፤ ሲጀመር ትንፋሽ ሊያስቸግር ስለሚችል ግን ሆስፒታል ተኝታ መሆን አለበት፣ አልጋ የሚገኘው በሚቀጥለው ሳምንት ነው አለ። ስንዱ ስልኩን ዘጋችና በቀጥታ ወደ አለቃችን ወደ ፕሮፌሰር ሊንዲዌ ቢሮ ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

ፕሮፌሰሯ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ወረቀት እያየች አዳመጠች። «ስንዱ፣ ሁለት ምርመራ ነው። ሁለቱም የለም ብሏል።»

«ማሽኑ የለም አላለም። አላየሁም ነው ያለው።»

«እኔ ማሽኑን አምናለሁ።»

«እኔም ማሽኑን አምናለሁ። የማላምነው መንገዱን ነው። ከኦሬንጅ ፋርም ክሊኒክ እስከዚህ ድረስ በመኪና ጀርባ ሲሞቅ የዋለ ሽንት ሰጥተነው ምን እንዲያይ ነው? ቤቷ ልሂድ። በረዶ ይዤ ልሂድ።»

«ተመራማሪ ወደ በሽተኛ ቤት አይሄድም። ናሙናው ለምን ሆስፒታል ስትተኛ አይወሰድም?»

«አልጋው ሳምንት ተብሏል፤ ሳምንቱ ሁለት ሳምንት ሊሆን ይችላል። ልጅቷን በየቀኑ ይጥላታል። ፈቃዱን ካልሰጠሽኝ ከዚህ ወንበር አልነሳም።»

አልተነሳችም። ፕሮፌሰር ሊንዲዌ ኢሜይሏን መጻፍ ቀጠለች፤ ስንዱ መነጽሯን እየወለወለች ተቀመጠች፤ እኔ በሩ ላይ መግባትም መውጣትም አቅቶኝ ቆምኩ። በመጨረሻ ፕሮፌሰሯ ሳቀች። «እናትየዋ ትፈርም፣ ሐኪሙም ይወቅ» አለች። «ትዕግስትን ይዘሽ ሂጂ። ብቻሽን ከሆንሽ ስትከራከሪ በረዶው ያልቃል።»

የላቦራቶሪው መኪና ሥራ ላይ ስለነበር በሚኒባስ ታክሲ ሄድን። እዚህ አገር ታክሲ የሚቆመው በእጅ ምልክት ነው። ስንዱ መንገድ ዳር ቆማ፣ እንደ ሠፈሩ ስም ክብ ብርቱካን የያዘች ይመስል መዳፏን ወደ ላይ አጉብጣ ዘረጋች። የኦሬንጅ ፋርም ታክሲ ፊታችን ቀጥ አለ። ድራይ አይስ የሚባለውን ደረቅ በረዶ የሞላንበትን ሣጥን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮት አጠገብ ተቀመጠችና መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። እዚህ አገር ሰኔ የብርድ ወር ነው። ከኋላ ያሉት ሁሉ ተንጫጩ። «ማማ፣ ዝጊው! ልትገድይን ነው?»

«ብዘጋው ነው የምገድላችሁ» አለች በእንግሊዝኛ። «ከዚህ ሣጥን የሚወጣው ጋዝ በተዘጋ ቦታ ሰው ያፍናል። የታመመች ሕፃን ልናይ ነው የምንሄደው፤ ትንሽ ብረዱልን።»

አንዲት ሴት ፎጣዋን አውልቃ ስንዱ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት። እስከ ኦሬንጅ ፋርም ድረስ ማንም መስኮቱን አልነካም።

የዘይነባ ቤት ሱቁ ጓዳ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ባሏ ከድር በብረት ፍርግርጉ በኩል ዳቦና የስልክ ካርድ ይሸጣል፤ እኛ ከመጋረጃው ኋላ ሪሃናን ፖፖ ላይ አስቀምጠን እንጠብቃለን። ውሃ አጠጣናት። ዘይነባ የቧንቧ ውሃ በጆግ እያንቆረቆረች አሰማቻት። ምንም የለም። ስንዱ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።

ያኔ ጣላት።

ያን ሁሉ ዓመት ስለዚህ በሽታ ስሠራ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ትንሿ ጀርባዋ እንደ ቀስት ተገተረ፣ ዓይኖቿ ወደ ላይ ተሰቀሉ፣ እጆቿ ይመታሉ። እኔ የያዝኩትን ብልቃጥ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ስንዱ በጎን አዞረቻት፣ ጭንቅላቷን በመዳፏ ደገፈች፣ ዘይነባም ምራቋን ጠረገች። ሲያልፍላት ልጅቷ ዝልፍልፍ ብላ ተኛች። የስንዱ ቀሚስ ርሷል። የመጣንለት ሽንት ቀሚሷ ላይ ነበር።

ዘይነባ ማልቀስ ጀመረች። «ይቅርታ፣ እትዬ፣ ይቅርታ...»

«ለምኑ? እንዳትቀሰቅሻት ዝም በይ።» ስንዱ ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። በዚያ ብርድ፣ በረጠበ ቀሚስ፣ ልጅቷ ጠግባ እስክትነቃ ታቅፋት ቆየች። እኔ የሣጥኑን ክዳን ከፈት አድርጌ አየሁ፤ በረዶው ግማሽ ደርሷል። «እትዬ ስንዱ፣ ይበቃን ይሆን?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ክዳኑን አትክፈቺው፣ ይበቃናል» አለች።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ጎጎ ኖማ የምትባል አሮጊት ሾርባ ይዛ ገባች። ሱቁ ሲዘረፍ የሪሃናን አልጋ ከዘራፊዎች ቀምታ ቤቷ ያስቀመጠች እሷ እንደሆነች ዘይነባ ነገረችን። ጎጎ ኖማ የምንጠብቀውን ስትሰማ በሳቅ ሞተች። ከዚያ ልጅቷን ፖፖው ላይ አስቀምጣ፣ ፊቷ ቁጢጥ ብላ፣ በዙሉ አንድ የሚንሾካሾክ ዘፈን ጀመረች። ሪሃና አፍ አፏን እያየቻት ሳለ የሽንቱን ድምፅ ፖፖው ውስጥ ሰማነው። ስንዱ ብልቃጡን ሞልታ፣ ዘግታ፣ በረዶው ውስጥ ቀበረችው። ከልጅቷ ወጥቶ በረዶ እስኪገባ ቡና ለማማሰል የሚፈጀውን ጊዜ አልፈጀም።

«አሁን ሂድ እንግዲህ» አለችው ሣጥኑን በእጇ መታ መታ እያደረገች።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኑ ውስጥ ገባ። እኔና እሷ ስክሪኑ ፊት ቆመን ጠበቅን። መስመሩ ሜዳ ሜዳውን ሄደ፣ ሄደ፤ ከዚያ ተጣባቂው መውጣት ባለበት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ እንደ ግንብ ተነሳ። እኔ ጮህኩ። እሷ አልጮኸችም። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «አሁን የእኔን አስገቢ» አለችና ሄዳ የራሷን ሽንት አመጣች። የእሷ መስመር ሜዳ ነበር። ያን ጊዜ ነው ወንበር ስባ የተቀመጠችው። ፕሮፌሰር ሊንዲዌ መጥታ ከጀርባችን ቆማ ሁለቱን መስመሮች አየች። «የክሊኒኮቹን የናሙና መላኪያ መመሪያ ዛሬ እንለውጠዋለን» አለች። ከዚያ የስንዱን ትከሻ ጨበጥ አድርጋ ወጣች።

ሪሃና አልጋ አገኘች። ቫይታሚኑ ሲጀመርላት ሐኪሙ አጠገቧ ነበር። ቆመላት። ሌሎቹን መድኃኒቶች ቀስ በቀስ ሲቀንሱላትም አልተመለሰባትም። ዘይነባ ላቦራቶሪው በር ድረስ መጥታ ባባ ሲፖን ጭምር ስማ ሄደች።

ሌላ ሰው ቢሆን ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋው ነበር። ስንዱ ግን ከወራት በኋላ ሪሃናን አይታ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። «አይጥላትም። ግን አትናገርም፤ እጇም አይታዘዛትም» አለችኝ። «ቫይታሚኑን ሰጠናት እንጂ ተጣባቂው አሁንም እየተመረተ ነው። ሽንቷ ውስጥ እንደ ድሮው አለ። እዚያ ጭንቅላት ውስጥ ሌላ ምን ላይ እየተለጠፈ እንደሆነ እናውቃለን? አናውቅም። ያልጨረስነውን ጨረስን አንበል።»

ሐሳቡ የእሷ ብቻ አልነበረም፤ በሌላ አገርም ያሉ ተመራማሪዎች ላይሲኑን ከምግብ ላይ መቀነስ ጀምረው ነበር። ችግሩ የእነሱ የምግብ ሠንጠረዥ የእነሱን ምግብ ነው የሚያውቀው። ስንዱ የሆስፒታሉን የምግብ ባለሙያ ይዛ ዘይነባ ጋ ሄደች። ሥጋ ይቀነስ፣ ወተት ይቀነስ፣ እንቁላል ይቀነስ ተባለ። ዘይነባ ሁሉንም እሺ አለች።

«ምስርና ባቄላም» አለች ስንዱ።

«እሺ።»

«ሽሮም።»

«ሽሮም?» ዘይነባ ከወንበሯ ተነሳች። «ልጄን በረሃብ ልትገድይልኝ ነው? ሽሮ ከልክለሽ ምን አበላታለሁ፣ አየር?»

«አየር አይደለም። አንቺ ልጅ ሆነሽ፣ እናትሽ ጓዳ ውስጥ ስታርች ብቻ የሆነ፣ ነጭ፣ ምንም ቅባት፣ ምንም ጥራጥሬ የሌለው ምን ነበር?»

ዘይነባ ትንሽ አሰበች። «ቡላ» አለች።

ስንዱ ቡላ ቀምሳ አታውቅም። በጎጃም አፏ «ከእንሰቱ ነው?» ብላ ጠየቀች። ጄፒ በሚባለው የከተማው ሠፈር ካሉ የአበሻ ሱቆች የቡላ ዱቄት ገዝተን ላቦራቶሪ ለካነው። ላይሲን ከሞላ ጎደል የለውም። የምግብ ባለሙያዋ ልጅቷ ለማደግ የምትፈልገውን ያህል ከሌላ ቦታ በልኩ እየጨመረች ምግቧን አዘጋጀችላት፤ እኛም በየጊዜው ሽንቷን በበረዶ እያመጣን አየን። ግንቡ ዝቅ አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ዝቅ አለ። ስንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦሬንጅ ፋርም እየሄደች ቡላ ማገንፋት ለመደች፤ ሁልጊዜም ታጓጉለው ነበር፣ ዘይነባም ሁልጊዜ ትስቅባት ነበር።

ሪሃና እንደ እኩዮቿ አልሆነችም። ግን ግድግዳ ይዛ ቆመች፣ ከዚያ ግድግዳውን ለቀቀች። አንድ ቅዳሜ ስንዱ መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ «ንዱ» አለቻት። ሰኞ ጠዋት ይህን ስትነግረኝ ስንዱ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፍቷት ነበር፤ ወዲያው ግን ራሷን ገሠጸች። «አንድ ልጅ ማስረጃ አይደለችም። ምግቧ ባይለወጥም በዕድሜዋ ትናገር ነበር ይሆናል።» ስለዚህ ሌሎች ልጆች ፈለገች። ከአንዱ ሆስፒታል አንድ፣ ከሌላው አንድ። ተጣባቂው ከፍ ባለ ቁጥር ልጆቹ ይበልጥ እንደሚዘገዩ ያየችበትን ሥራ ስብሰባ ላይ ስታቀርብ አንድ ሰው ተነስቶ የልጆቹ ቁጥር አነስተኛ ነው አላት። «አዎ» አለችው። «ብርቅ የተባለውም ለዚሁ ነው። እስኪበዙ ልጠብቅ?» በስብሰባው የሳቀ ሁሉ በኋላ መጥቶ ጨበጣት።

ካንሰር የተገኘባት ከዚያ በኋላ ነው። ሆዷን ሲያማት ከረመ፣ ሥራ ይበዛብኛል እያለች አሳለፈችው። ስትነግረኝ እንደ ሥራ ጉዳይ ነበር፦ «በዚህ በዚህ ቀን ሕክምና አለኝ፤ ማሽኑን በሌሎቹ ቀናት ያዢልኝ።» እኔ ሳለቅስ ተቆጣችኝ። «አልቅሰሽ ስትጨርሽ ነይ፤ የደም ጠብታውን ወረቀት እንጀምራለን።»

ወረቀቱ የመጨረሻ ሥራዋ ነው። ተጣባቂው ራሱ ቢጠፋም፣ ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ የሚፈጥረው፣ ሙቀት የማይፈታው አንድ ውህድ እንዳለ በሌላ አገር ታውቆ ነበር። ስንዱ እሱን ከደረቀ የደም ጠብታ ማንበብ ፈለገች። ከሕፃን ተረከዝ አንድ ጠብታ ደም፣ ወረቀት ላይ ማድረቅ፣ በፖስታ መላክ። በረዶ የለ፣ ሣጥን የለ። «አይቮሪ ፓርክን በመሰለ ሩቅ ሠፈር ያለች እናት በር ላይ መጥታ እስክትጮህ መጠበቅ የለብንም» ትል ነበር። ጸጉሯ ሄደ፣ ክብደቷ ሄደ፤ ሻሿን አስራ መጣች። አንዳንድ ቀን ሁለት ናሙና ሠርታ መሬት ላይ ትቀመጥ ነበር። ውጤቱ መጀመሪያ አልነበብ አለ፣ ከዚያ ደብዝዞ ታየ፣ ከዚያ በሪሃና ጠብታ ላይ ጥርት ብሎ ወጣ። ሆስፒታል ስትተኛ ውጤቶቹን በስልኬ ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ። «ይህ መስመር ቆሽሿል፤ ዕቃውን እጠቢ» ብላ ትመልስልኛለች። ከማረፏ በፊት የላከችልኝ የመጨረሻ መልእክት እንኳ ስለ ዕቃ ማጠብ ነው።

ለቀብሩ ወንድሟ ከአዲስ አበባ መጣ። ግርማ ይባላል፤ እንዳለችውም ትልቅና ጤነኛ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ የሚያለቅሱትን ሁሉ በግርታ ያይ ነበር፤ የሱቅ ነጋዴዎች፣ ፕሮፌሰር ሊንዲዌ፣ ባባ ሲፖ በሱፍ ልብሱ፣ ጎጎ ኖማ። «እኔ መቼም የሽንት ነገር ነው የምሠራው ትለኝ ነበር» አለኝ። «ይህን ሁሉ ሰው ከየት አገኘችው?»

አጠገቤ የተቀመጠችው ዘይነባ ሰማችው። ሪሃናን ትከሻዋን ይዛ ወደ ፊት ገፋ አደረገቻት። «ለእትዬ ስንዱ ወንድም ሰላም በይው» አለቻት። ልጅቷ ጊዜ ወሰደች። ቃል ከሩቅ ነው የምታመጣው። ግርማ እጁን ዘርግቶ ጠበቃት። «ሰላም» አለችው። ቆየችና ጨመረች፦ «ንዱ ጥሩ።»

ግርማ ከቀብር መልስ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት እህቱ የምትሠራበትን ቦታ ማየት ፈለገ። ወንበሯን አሳየሁት፣ ማሽኑን አሳየሁት። ተጣባቂውን ስክሪን ላይ ሳሳየው ጎንበስ ብሎ አየውና «ይህችን መስመር ነው ስታሳድድ የኖረችው?» አለኝ። «ይህችን መስመር ነው» አልኩት። እንዲህ ቆመን ሳለ ስልክ ተደወለ። አይቮሪ ፓርክ አካባቢ የተወለደ ጨቅላ፣ የተለመደው መድኃኒት አልያዘለትም፤ ሐኪሟ ቫይታሚኑን በሙከራ ጀምራለታለች፤ የደም ጠብታው ወረቀት በፖስታ መልእክተኛ መንገድ ላይ ነው፤ የቀዘቀዘውም ሽንት ይከተላል።

«ይቅርታ ወንድም ግርማ» አልኩት።

«ሂጂ፣ ሂጂ» አለኝ። ግን እሱም አልሄደም፤ ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

ወረቀቱ ሲደርስ የቀኑ ሥራ ሊያልቅ ነበር። ጠብታውን ቆርጬ ዘፈዘፍኩ፣ ዕቃውን ሁለቴ አጠብኩ፣ አስገባሁ። መስመሩ ሜዳ ሜዳውን መጣና ተነሳ። ደገምኩት። የራሴንም ጠብታ አስገባሁ፤ የእኔ ሜዳ ነበር። ይህ አዲሱ ዘዴያችን ገና ሙከራ ላይ ስለሆነ የቀዘቀዘውን ሽንት በማግስቱ በድሮው መንገድ አየነው፣ ያው ነበር። ሐኪሟ ጋ ግን ያን ማታ ሳላድር ደውዬ መስመሩ መነሳቱን ነገርኳት።

«ልጁ ከቫይታሚኑ በኋላ እየተረጋጋ ነው» አለችኝ። «ግን የትኛው መድኃኒት እንደሠራ እርግጠኛ አይደለሁም። የትኛውን ላቋርጥ እያልኩ ነው።»

«ስለሌሎቹ አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት። «ቫይታሚኑን ግን አታቋርጪው።»